ለቅሶ ቤት የሚወሰድ ዳቦ እንዳይደርቅ

ድፎ ዳቦ በማግስቱ ይደርቃል፤ ለቅሶ ደራሹ ግን ቀናት ይመላለሳል። ለ1 ኪሎ ዱቄት 4 የሾርባ ማንኪያ ማር ለብ ባለ ውሃ በጥብጣችሁ አቡኩበት፤ ጅማ ላይ መቼም ማር አይቸግርም። ማር እርጥበት ስለሚይዝ ዳቦው ለስላሳ ሆኖ ይሰነብታል። ቶሎ ስለሚያጠቁር እሳቱን ቀነስ አድርጉ፤ ከላይም ከታችም ኮባ አልብሱት። ሳይቀዘቅዝ ከተቆረጠ እንፋሎቱ ውስጡን ሊጥ ሊጥ ያሰኘዋል። ከቀዘቀዘ በኋላ ቆራርጣችሁ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ውሰዱት፤ ሐዘንተኛ ቤት ገብቶ ቢላዋ ስጡኝ ማለት ደስ አይልም። ቅቤና እንቁላል አታግቡበት፣ ጿሚም ይብላው። ክሬም ያለው ኬክ ግን ይቅር፣ የልደት ይመስላል። ዓመት ያልሞላው ሕፃን ካለ ማር የገባበትን አታቅምሱት።