ኤክላምፕሲያ ያጋጠማትን እናት በጽኑ ሕሙማን ክፍል እንዴት እንንከባከብ

ኤክላምፕሲያ የያዛት፣ ማለትም በእርግዝና ወይም በአራስነት የደም ግፊቷ አሻቅቦ ያንቀጠቀጣት እናት ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ስትገባ፣ የክፍሉ ነርሶች መሣሪያውን እንጂ ወሊዱን፣ አዋላጆቹም ወሊዱን እንጂ መሣሪያውን የለመዱ ስለማይሆኑ፣ ከሁለቱም ወገን ሰው አልጋዋ አጠገብ መገኘት አለበት። ይህን የምጽፈው በተለይ ለክፍሉ ነርሶች ነው፤ የነፍሰ ጡር ሰውነት ሕመሙን ይደብቃልና፣ ለሌላ ሕመምተኛ ደህና የሚባል ቁጥር ለእሷ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላል።

እያንቀጠቀጣት ከደረሳችሁ በግራ ጎኗ አስተኟት፣ ኦክስጅን ስጧት፣ በጥርሶቿ መካከል ምንም ነገር አታስገቡ። እርግዝናው ከ20 ሳምንት ካለፈ በጀርባዋ ስትተኛ ማህፀኗ ወደ ልብ ደም የሚመልሰውን ትልቅ የደም ሥር ይጫነዋል። ልቧ ቆሞ ደረቷን መጫን ግድ ከሆነ ግን በጀርባዋ ትተኛና አንድ ሰው ማህፀኑን በእጁ ወደ ግራ ይገፋል።

ማግኒዥየም ሰልፌት የሚሰጠው መንቀጥቀጡን ለማስቆምና እንዳይደገም ለማድረግ ነው፤ የደም ግፊት ማውረጃ አይደለም። መጀመሪያ 4 ግራም በደም ሥር ይሰጣል፤ የያዛችሁት ባለ 50 በመቶ ከሆነ 8 ሚሊ ሊትሩን በ12 ሚሊ ሊትር የመርፌ ውሃ አቅጥናችሁ ቢያንስ በ5 ደቂቃ ቀስ ብላችሁ ስጡ። ወዲያውኑ በእያንዳንዱ መቀመጫዋ 5 ግራም በጥልቀት ወደ ጡንቻ ይወጋል፤ ከዚያም መቀመጫ እያፈራረቃችሁ በየ4 ሰዓቱ 5 ግራም ትሰጣላችሁ። ከወሊዱና ከመጨረሻው መንቀጥቀጥ ዘግይቶ ከመጣው ተቆጥሮ 24 ሰዓት ይቀጥላል።

ማግኒዥየም ከበዛ ጡንቻን ያላላል፣ ትንፋሽንም ሊያቆም ይችላልና፣ ከእያንዳንዱ መርፌ በፊት ጉልበቷን መርምሩ። ክንዳችሁን ከጉልበቷ ሥር አስገብታችሁ እግሯን በጥቂቱ አንሱ፣ ጡንቻው እስኪላላ ጠብቁ፣ ከዚያ ከጉልበቷ አጥንት በታች ያለውን ጅማት በመዶሻ፣ መዶሻ ከሌለ በጣታችሁ ጫፍ ምቱ። እግሯ ካልተንቀሳቀሰ፣ ትንፋሿ በደቂቃ ከ16 በታች ከሆነ፣ ወይም ባለፉት 4 ሰዓታት ሽንቷ በሰዓት 30 ሚሊ ሊትር ካልደረሰ መድኃኒቱን አትስጡ። ትንፋሿ ቢቆም በአምቡ ባግ (በእጅ በሚጨመቅ የመተንፈሻ ከረጢት) እያገዛችሁ የማግኒዥየሙን ማርከሻ 1 ግራም ካልሲየም ግሉኮኔት፣ ማለትም ባለ 10 በመቶውን 10 ሚሊ ሊትር፣ በደም ሥር ቀስ ብላችሁ ስጡ፤ ስለዚህ ብልቃጡ ከመጀመሪያው ከራስጌዋ ይቀመጥ። በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ያለች እናት ትንፋሿን መሣሪያው ስለሚቆጥርላት ቁጥሩ አያስጠነቅቃችሁም፤ በዚያ ጊዜ ጉልበቷና ሽንቷ የበለጠ ይታመናሉ። ማግኒዥየሙ የጡንቻ ማላሊያ መድኃኒቶችን ጉልበት እንደሚያጠነክርም ለማደንዘዣ ባለሙያው አስታውሱ።

የደም ግፊቷ 160/110 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ እንደ ሃይድራላዚን ያለ ግፊት ማውረጃ መድኃኒት ያስፈልጋታል፤ ነገር ግን በድንገት መውረዱ ለአንጎሏም ለፅንሱም አደጋ ስለሆነ የታችኛው ቁጥር ከ90 በታች አይውረድ። ሳንባዋ በቀላሉ ውሃ ስለሚቋጥር የምትወስደው ፈሳሽ በሙሉ በሰዓት ከ80 ሚሊ ሊትር አይብለጥ፤ ብዙ ደም ከፈሰሳት ግን ይህ ገደብ አይሠራም። የኦክስጅን መጠኗ ከ95 በመቶ በታች አይሁን። በነፍሰ ጡር ደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በተለምዶ 30 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ አካባቢ ስለሆነ፣ ትንፋሽ ያጠራት እናት 40 ብታሳይ እየደከመች ነው ማለት ነው።

የወለደች ከሆነ አንሶላውን ገልጣችሁ ከሥሯ ያለውን ጨርቅ በዓይናችሁ እዩ፤ ደም ከሞኒተሩ በፊት እዚያ ይታያል። ሆዷን ዳሱና ማህፀኑ የጠነከረ መሆኑን አረጋግጡ። ከላላ አሹት፣ ማህፀን የሚያጠነክረው ኦክሲቶሲን እንዲታዘዝ ሐኪም ጥሩ፤ ለዚሁ የሚያገለግለው ኤርጎሜትሪን ግን ግፊት ስለሚጨምር ለእሷ አይሰጥም። ደሙ ከበዛ መድማትን የሚቀንሰው ትራኔክሳሚክ አሲድ፣ 1 ግራም፣ ከወለደች በ3 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት።

ስትነቃ መውለዷን እንኳ ላታስታውስ ትችላለች። በስሟ ጠርታችሁ የት እንዳለች፣ ልጇም በምን ሁኔታ ላይ እንደሆነ በእርጋታ ንገሯት፤ ማግኒዥየም ጡት ማጥባትን ስለማይከለክል፣ አቅሟ ከፈቀደ ሕፃኑን አምጡላት፣ ካልፈቀደም አስታማሚዋ ወተቷን እንድታልብላት አሳዩዋት።