የጸሎት አዳራሽን በልክና በውበት እንዴት መንደፍ ይቻላል

ስለ ማደሪያው ድንኳን በኦሪት ዘጸአት፣ ስለ ሰሎሞን ቤተ መቅደስም በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ የተጻፈውን ያነበበ ሰው፣ መጠኑ ሁሉ በክንድ እየተለካ መነገሩን ሳያስተውል አያልፍም። የድንኳኑን ሥራ እንዲመራ በስሙ የተጠራው ባስልኤልም የእግዚአብሔር መንፈስ በጥበብ፣ በማስተዋልና በእውቀት እንደ ሞላው ተጽፏል። ስለዚህ ለአንድ ክርስቲያን ንድፍ አውጪ መለካትና ማስላት ከመንፈሳዊው አገልግሎት ውጭ የሚቀር ሥራ አይደለም። ውበትም ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ መጠኖቹ እርስ በርሳቸው በሚስማሙበት ልክ የሚገኝ ነው እንጂ በስተመጨረሻ በቀለምና በጌጥ የሚጨመር አይደለም። ከዚህ ቀጥሎ 80 ሰዎችን የሚይዝ አነስተኛ የጸሎት አዳራሽ በምሳሌነት ወስጄ፣ መጠኖቹ አንዱ ከሌላው እንዴት እንደሚወጡ አሳያለሁ።

በቅድሚያ አንድ መለኪያ ይመረጥ። የጥንቱ ክንድ ከሰው አካል የተወሰደ ነበርና እኛም ከሰው እንጀምር። አንድ ሰው ሳይጨናነቅ ለመቀመጥ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ወርድ ይበቃዋል፤ ይህን መጠን «አንድ ልክ» እንበለው። በመካከል ሁለት ሦስት ሰዎች ጎን ለጎን የሚያልፉበት 3 ልክ መተላለፊያ፣ በግራና በቀኝ ግድግዳ ሥር አንድ ተኩል አንድ ተኩል ልክ፣ ከመተላለፊያው ግራና ቀኝ ደግሞ ለአምስት አምስት ሰዎች የሚሆኑ አግዳሚ ወንበሮች ብናደርግ ድምሩ 16 ልክ፣ ማለትም 9.6 ሜትር ይሆናል። ይህ የአዳራሹ ወርድ ነው። የወንበር ረድፎች በየ90 ሳንቲ ሜትሩ ቢደረደሩ 8ቱ ረድፎች 7.2 ሜትር ይወስዳሉ፤ ከፊትና ከኋላ 2 ልክ 2 ልክ ክፍት ቦታ ሲጨመር የምእመናኑ ስፍራ ርዝመትም 9.6 ሜትር ሆኖ እኩል ጎን ያለው አራት ማዕዘን ይወጣል። ለስብከቱ፣ ለቅዱስ ቍርባኑና ለዘማሪዎቹ ከፊት የዚህን ግማሽ፣ 8 ልክ፣ እንጨምር፤ ጠቅላላ ርዝመቱ 24 ልክ ወይም 14.4 ሜትር ይሆናል።

የሰሎሞን ቤተ መቅደስ 60 ክንድ ርዝመት፣ 20 ክንድ ወርድና 30 ክንድ ቁመት ነበረው፤ ከርዝመቱ 40ው ክንድ የቅድስት፣ 20ው የቅድስተ ቅዱሳን ነበር። እኛም የሰዎችን መቀመጫ ብቻ እየቈጠርን መጥተን ያገኘነው ክፍፍል ያው ሁለት እጅና አንድ እጅ ነው። ይህን ማስተዋል ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን የቤተ መቅደሱን ቍጥር እንደ ምስጢራዊ ቀመር ይዞ መገልበጥ ይገባል ማለት አይደለም። ቅድስተ ቅዱሳኑ ርዝመቱም፣ ወርዱም፣ ቁመቱም 20 ክንድ የሆነ ክፍል ሲሆን፣ የሚገባበትም ሊቀ ካህናቱ ብቻ፣ በዓመት አንድ ጊዜ ነበር። ይህን ቅርጽ ሕዝብ ለሚዘምርበት ትንሽ ክፍል መቅዳት ለጆሮ ችግር ያመጣል፤ ሦስቱም ጎኖች እኩል ሲሆኑ የሦስቱም አቅጣጫ ድምፅ በተመሳሳይ ድግግሞሽ (በሰከንድ በሚርገበገብበት ቍጥር) ስለሚበረታ አንዳንድ ወፍራም ድምፆች ከሌሎቹ ተለይተው ያጓራሉ።

የአዳራሹን ቁመት መወሰን ከሁሉ የሚከብደው ክፍል ስለ ሆነ በእርሱ ላይ ጊዜ መስጠት ይገባል። የተወጠረ አውታር በግማሹ ሲያዝ ኦክታቭን (ከመነሻው ስምንተኛውን ድምፅ)፣ በሁለት ሦስተኛው ሲያዝ አምስተኛውን፣ በሦስት አራተኛው ሲያዝ አራተኛውን ድምፅ እንደሚሰጥ ከጥንት ጀምሮ ይታወቃል፤ ፍጥረት በቍጥር የተደራጀች መሆኗን በዚህ ያዩ ክርስቲያን ሊቃውንትም ለጆሮ የሚስማማው ምጥጥን ለዓይንም ይስማማል ብለው ያምኑ ነበር። በዚህ መንገድ ብንሄድ የ12 ልክ፣ ማለትም የ7.2 ሜትር ቁመት ያጓጓል። ቁመቱ ለወርዱ 3 ለ4፣ ወርዱ ለርዝመቱ 2 ለ3፣ ቁመቱ ለርዝመቱ 1 ለ2 ሆኖ ሦስቱም የዜማ ምጥጥኖች በአንድ ክፍል ይገኛሉና። በወረቀት ላይ ከዚህ የሚያምር የለም።

ሆኖም ድምፁን እናስላ። ድምፅ ከተቋረጠ በኋላ በክፍሉ ውስጥ እያስተጋባ የሚቆይበት ጊዜ በሰከንድ፣ የክፍሉ ይዘት በሜትር ኪዩብ በ0.161 ተባዝቶ ድምፅን በሚመጠው ስፋት ሲካፈል ይገኛል። ሰዎቹ፣ ወንበሮቹና ጣሪያው በድምሩ 90 ሜትር ካሬ ያህል ድምፅ ይመጣሉ እንበል። በ7.2 ሜትር ቁመት ይዘቱ 995 ሜትር ኪዩብ ስለሚሆን ድምፁ 1.8 ሰከንድ ያህል ይቆያል፤ ለዝማሬ መልካም ነው፣ ስብከት ግን ቃሉ በቃሉ ላይ እየተደረበ ይደበዝዛል። ቁመቱን ወደ 8 ልክ፣ ማለትም ወደ 4.8 ሜትር ብናወርደው ይዘቱ 664 ሜትር ኪዩብ፣ ጊዜውም 1.2 ሰከንድ ያህል ይሆናል። ሐዋርያው እምነት ከመስማት ነው ብሏልና፣ ከኋላ ረድፍ የተቀመጡት አረጋዊት ቃሉን አጥርተው የማይሰሙበት አዳራሽ ምጥጥኑ ቢሰምርም ውብ ነው ለማለት እኔ አልደፍርም። ስለዚህ 4.8 ሜትርን እመርጣለሁ፤ ምጥጥኑም 1፣ 2፣ 3 ሆኖ ይጸናል። አገልግሎቱ በአብዛኛው ዜማ የሆነ ጉባኤ ግን ከፍ ያለውን ቢመርጥ ምክንያት አለው።

«ወርቃማ ምጥጥን» የሚባለውን፣ ሙሉው ለትልቁ ክፍል፣ ትልቁም ለትንሹ እኩል ምጥጥን የሚኖራቸውን፣ 1.618 ገደማ የሆነውን ቍጥር፣ የፈጣሪ ማኅተም አድርገው የሚያስተምሩ ብዙ ናቸው። ፍራንሲስካዊው መነኩሴ ሉካ ፓቾሊ እ.ኤ.አ. በ1509 ባሳተመው መጽሐፍ «መለኮታዊ» ብሎ አወድሶታል፤ ነገር ግን ስለ ሕንጻ በጻፈበት ክፍል እርሱ ራሱ የመከረው ቀላል የሙሉ ቍጥር ምጥጥኖችን ነው። ለግንበኛም ለአናጢም የሚመቹት እነዚሁ ናቸው።

ለመስኮቶች አቀማመጥ የቅዱስ አውግስጢኖስን ማስተዋል መከተል ይበቃል፤ ያለ ምክንያት ከመካከል ጥቂት ፈቀቅ ያለ በር ዓይንን እንደሚያስቀይም፣ አንዱ በመካከል ሁለቱ በእኩል ርቀት ግራና ቀኝ የሆኑ ሦስት መስኮቶች ግን እንደሚያስደስቱ ጽፏል። በ16 ልኩ የምእመናን ግድግዳ ላይ 2 ልክ ወርድና 4 ልክ ቁመት ያላቸው ሦስት መስኮቶች ይደረጉ፤ በመካከላቸው 3 ልክ፣ ከዳርና ከዳር 2 ልክ ግድግዳ ይቀራል።

ውበት የሰውን ሕይወት ከመጠበቅ አይለይም። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ማንም እንዳይወድቅ በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ያዝዛል። በቁስጥንጥንያ ታላቁን ቤተ ክርስቲያን ሐጊያ ሶፍያን እ.ኤ.አ. ከ532 እስከ 537 የሠሩት አንቴሚዮስና ኢሲዶሮስ የሂሳብ ሊቃውንት ነበሩ፤ ሆኖም ዝቅ ብሎ የተዘረጋው የመጀመሪያው ጉልላት ወደ ጎን በብርቱ ይገፋ ስለ ነበር፣ ከምድር መናወጥ በኋላ በ558 ተደረመሰ። እስከ 562 የተሠራው ሁለተኛው ጉልላት 6 ሜትር ያህል ከፍ ተደርጎ ግፊቱ ተቀነሰ። ጣሪያዎ የግንብ ቅስት ከሆነ ሰንሰለት ከሁለት ጫፎቹ አንጠልጥለው የሠራውን ቅርጽ ገልብጠው ይሣሉ፤ የራሱን ክብደት ብቻ ለሚሸከም ቅስት የሚስማማው ቅርጽ እርሱ ነው። የስፔኑ ንድፍ አውጪ አንቶኒ ጋውዲም ገመዶችን አንጠልጥሎ፣ ክብደት አስሮባቸው፣ የቤተ ክርስቲያን ንድፍ ሠርቷል። የመጨረሻውን ስሌት ግን የስትራክቸር መሐንዲስ ያረጋግጥ።

የተሽከርካሪ ወንበር መወጣጫ በንድፉ መጨረሻ ተገፍቶ ከጓሮ በር ሲቀመጥ ማየት ያሳዝናል። ወለሉ ከመሬት 45 ሳንቲ ሜትር ከፍ ካለ፣ በ1 ለ12 ተዳፋት (ለ1 ከፍታ 12 ርዝመት) 5.4 ሜትር መወጣጫ ያስፈልጋል፤ ይህም በትክክል 9 ልክ ነው። ስለዚህ ከሕንጻው ጋር በአንድ መለኪያ ተሠርቶ በዋናው በር ፊት መቀመጥ ይችላል፤ ደረጃ መውጣት የማይችለውም ሁሉ በሚገባበት በር ይገባል።

ንድፉ መሬት ላይ ሲወርድ ማዕዘኑን በ3፣ 4 እና 5 ሜትር ገመድ ያውጡ፤ በሦስቱ የተሠራው ሦስት ማዕዘን ትክክለኛ 90 ዲግሪ ይሰጣል። አራቱ ችካሎች ከተተከሉ በኋላ ከማዕዘን ወደ ተቃራኒው ማዕዘን የሚሄዱት ሁለቱ ሰያፍ መስመሮች ይለኩ። በ9.6 በ14.4 ሜትር ላይ እያንዳንዳቸው 17.31 ሜትር ያህል መሆን አለባቸው፤ አንዱ ከሌላው በሳንቲ ሜትሮች ከተለየ ቁፋሮው ሳይጀመር ችካሎቹ ተነቅለው እንደገና ይተከሉ።