በዋልታ ባሕሮች ወለል ላይ ያለውን ብዝኀ ሕይወት ማጥናትና መከታተል

የዋልታ ባሕሮችን ወለል ለማጥናት የተነሣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያስብበት የሚገባው፣ ከዓመታት በኋላ ያንኑ ቦታ እንዴት እንደሚያገኘው ነው። የውኃው ሙቀት ከዜሮ በታች እስከ 1.8 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በሚወርድባቸው ስፍራዎች ብዙ እንስሳት የሚያድጉት እጅግ በዝግታ ስለሆነ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የተደረገ ቆጠራ ስለ ለውጥ ምንም አይነግረንም። የጀርመኑ አልፍሬድ ቬገነር ተቋም በግሪንላንድና በስቫልባርድ መካከል ያሉትን ሃውስጋርተን የተባሉትን የጥልቅ ባሕር መከታተያ ጣቢያዎቹን ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እየተመላለሰ የሚያጠናው በዚሁ ምክንያት ነው።

በየጣቢያው ጥልቀቱን፣ ወለሉ ጭቃ፣ ጠጠር ወይም ዐለት መሆኑን፣ እንዲሁም ተንሳፋፊ የበረዶ ግግር ወለሉን ፍቆት እንደሆነ ይመዝግቡ። ግግር ያለፈበት ወለል ከነዋሪዎቹ ተራቁቶ ስለሚቀር፣ ባዶነቱን የሙቀት መጨመር ውጤት ነው ከማለትዎ በፊት ረጅም የፍቀት ቦይ መኖሩን ያጣሩ።

ከዚያ ቀጥሎ ካሜራ ይቅደም፤ ናሙና ይከተል። በገመድ የሚጎተተው ካሜራ ርቀታቸው የታወቀ ሁለት የሌዘር ነጥቦችን ወለሉ ላይ ካሳረፈ፣ የእያንዳንዱን ስፖንጅ (ወለሉ ላይ ተጣብቆ የሚኖር እንስሳ) መጠንና ፎቶው የሸፈነውን ስፋት ማስላት ይቻላል። በ2021 እ.ኤ.አ. የፖላርሽተርን መርከብ ተመራማሪዎች በአንታርክቲካው ቬደል ባሕር 60 ሚሊዮን ያህል እንደሚሆኑ የተገመቱ የበረዶ ዓሣ ጎጆዎችን ያገኙት በሚጎተት ካሜራ ነበር። መረብ ቢጎትቱ ኖሮ፣ ጎጆዎቹ እንዴት እንደተደረደሩ ሳይታይ በፈራረሱ ነበር፤ እኔም ካሜራ ይቅደም የምለው ከሁሉ በላይ ስለዚህ ነው።

ፎቶ ግን በጭቃ ውስጥ የተቀበሩትን ትሎችና ቅርፊት ለባሾች አያሳይም። ለእነርሱ በሣጥን መሰል መቆፈሪያ ጥቂት ናሙናዎችን ያውጡ፤ ጭቃውንም በቀዝቃዛና በተጣራ የባሕር ውኃ ይጠቡ፤ ጨው አልባ ውኃ ለስላሳ አካላትን ያበላሻል። የወንፊቱ ቀዳዳ ለምሳሌ 0.5 ሚሊ ሜትር ከሆነ በየጉዞው ያው ይሁን፤ ከተቀየረ የቁጥር ንጽጽሩ ዋጋ ያጣል። ለአካል ቅርጽ ጥናት የሚውለውን ናሙና በፎርማሊን ያቆዩ፤ ፎርማሊን ዲኤንኤን ስለሚጎዳ ግን ለዘር ምርመራ የሚውለውን ለይተው በጠንካራ ኢታኖል ያስቀምጡ።

በአንታርክቲካ ከ60 ዲግሪ ደቡብ ኬክሮስ በታች የሚሠራ ቡድን፣ የአንታርክቲካን አካባቢ ለመጠበቅ የተደረገው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ የማድሪድ ፕሮቶኮል፣ በሚጠይቀው መሠረት የሥራውን አካባቢያዊ ተጽዕኖ ከጉዞው በፊት ማስገምገም አለበት።

ስሙ ያልታወቀ እንስሳ ሲያጋጥም በግምት ከመሰየም ይልቅ ጊዜያዊ መለያ ይስጡት፤ ፎቶውንና ናሙናውንም በዚያው መለያ ያያይዙ። መረጃውን ለሌሎች ሲያጋሩ የተገኙትን ዝርያዎች ብቻ ሳይሆን ተፈልገው ያልተገኙትንም ያስፍሩ፤ ተከታዩ ተመራማሪ አንድ ዝርያ አዲስ መጥቶ እንደሆነ ሊያውቅ የሚችለው ቀድሞ እዚያ እንዳልነበረ የጻፈለት ሰው ካለ ነው።