በሪፈር (ማቀዝቀዣ ባለው ትሬለር) የምትጭኑ የትራክ ባለቤቶች ለምግብ ደህንነት ኦዲት እንዴት ትዘጋጃላችሁ?

አሜሪካ ውስጥ ጥቂት ትራክ ይዘው ድርጅት የከፈቱ ብዙ ወገኖቻችን አሉ። ዶሮ፣ ወተት ወይም ሰላጣ የምትጭኑ ከሆነ፣ ኤፍዲኤ (የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት) እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣውን የምግብ ማጓጓዣ ንጽህና ደንብ ልታውቁት ይገባል።

መጀመሪያ ውላችሁን አንብቡ። አማካይ የዓመት ገቢው ከ500,000 ዶላር በታች የሆነ ድርጅት ደንቡ አይመለከተውም። ሺፐሩ (ጭነቱን የሚልከው ድርጅት) ግን በውል ሊያስገድዳችሁ ይችላል። በጉዞ ላይ የንጽህናው ኃላፊነት የእናንተ ነው የሚል ውል ከፈረማችሁ ደግሞ፣ ደንቡ የሚመለከተው ድርጅት ሾፌሮቹን የማሰልጠን ግዴታ አለበት።

ለስልጠናው ኤፍዲኤ ራሱ አንድ ሰዓት ገደማ የሚወስድ ነፃ የኦንላይን ትምህርት አዘጋጅቷል። እሱ ብቻ በቂ ነው ብዬ አላምንም። ሾፌሮቹን ሰብስቡና በአማርኛ ተወያዩበት። ማን፣ መቼ፣ ምን እንደሰለጠነ መዝግቡ።

ከዚያ ወደ ትሬለሩ። ከመጫን በፊት ይታጠብ፤ ሽታ ካለው አይጫንበት። የበሩን ጎማና የአየር ማስተላለፊያውን ሸራ እዩ። ሺፐሩ ባዘዘው ዲግሪ አስቀድማችሁ አቀዝቅዙ። ቴርሞሜትሩን በረዶ በሞላበት ውሃ ፈትሹት፤ 32 ፋራናይት ማሳየት አለበት።

እዚህ ላይ ጠንከር በሉ፦ ሲጫን የዕቃውን የራሱን ሙቀት ለኩ። ሪፈር የተሠራው ቀዝቃዛውን ዕቃ እንደቀዘቀዘ ለማቆየት ነው፤ ሞቆ የመጣን ዶሮ መንገድ ላይ አያበርድላችሁም። ዲግሪው ካለፈ ሾፌሩ ሳይፈርም ዲስፓቸሩ (ጉዞውን የሚመድበው ሰው) ጋ ይደውል። ዝም ብሎ ከፈረመ፣ ጥፋቱ ከሺፐሩ መሆኑን በኋላ ማስረዳት ከባድ ነው።

ለእያንዳንዱ ሎድ (ጭነት) የጭነት ሰነዱን፣ የእጥበት ደረሰኙን፣ የሲሉን (የበሩን ማሸጊያ) ቁጥርና የሪፈሩን የሙቀት መዝገብ አንድ ላይ አስቀምጡ። ደንቡ የሚጠይቃቸው መዝገቦች ደግሞ ውሉ ወይም አሠራሩ ካበቃ፣ የስልጠናው መዝገብ ደግሞ ሾፌሩ ያንን ሥራ ካቆመ በኋላ 12 ወር ይቆያሉ።

ኦዲተሩ ከመምጣቱ በፊት ራሳችሁን ፈትኑ። አንድ የቆየ ሎድ ምረጡና ወረቀቱን ሁሉ አውጡ። የጎደለ ካለ ዛሬ ጽፋችሁ የትናንት አታስመስሉ። መጉደሉን አምናችሁ፣ ምን እንዳስተካከላችሁ ጻፉ።

ሾፌሩንም ጠይቁት፦ «ሌሊት ሪፈሩ ቢጠፋብህ ምን ታደርጋለህ?» ሰዓቱንና ዲግሪውን እመዘግባለሁ፣ ወዲያው እደውላለሁ፣ ዕቃው ደህና መሆኑን የሚያውቅ ባለሙያ ሳይወስን አላራግፍም ካለ ገብቶታል። ይህን ምግብ የሚበሉት ሕፃናትና በሽተኞችም ናቸው። «አስነስቼው እቀጥላለሁ» ካለ ግን ሎድ ከመስጠታችሁ በፊት እንደገና አሰልጥኑት።