ዶሮዎቼ ቤታቸውን የጠሉበት ምክንያት

ሲመሽ ዶሮዎቼ ወደ ቤታቸው መግባት እምቢ አሉ። እንቁላል ቀነሰ፤ ፊታቸውም ገረጣ። ቀን አገላብጬ ባያቸው ላባቸው ውስጥ ምንም የለም።

ሌባው የሚወጣው ማታ ነው። ጨለም ሲል የቆጡን ሥር በነጭ ሶፍት ጠረግኩት። የደም ጭረት ይዞ ወጣ፤ ቀይ ቅንቅን! ይህ ጉድ ዶሮዋ ላይ አይኖርም። ቀን በእንጨት ስንጥቅ ይደበቃል፤ ሌሊት ወጥቶ ደም ይመጥጣል። ስለዚህ ዋናው ሕክምና ለቤቱ ነው።

ጉዝጓዙን በሙሉ አውጥቼ አቃጠልኩ። ቆጡን ነቅዬ ስንጥቁን ሁሉ በሽቦ ብሩሽ ፈቀፈቅኩ፤ የፈላ ውሃም ደፋሁበት። በተለይ የቆጡ ጫፍ ግድግዳውን የሚነካበት ቦታ ዋና ጎሬው ነው። ሲደርቅ ቀዳዳዎቹን ደፈንኩ።

በሙቀት ጊዜ ቅንቅኑ ከእንቁላሉ ተፈልፍሎ ለመራባት 7 ቀን ገደማ ይበቃዋል። ስለዚህ በየሳምንቱ ደጋግሜ አጸዳሁ። አንዴ አጽድቶ መተው ልፋት ብቻ ነው። ዶሮዎቹን አውጥቶ ቤቱን መዝጋትም አያዋጣም፤ ደም ሳያገኝ ለወራት ይቆያል።

አሁን እንቁላሉ ተመልሷል። ቅንቅኑን የዱር ወፎችም ይዘውት ስለሚመጡ መስኮቱን በወንፊት ሽቦ ዘግቻለሁ።