ወደ ግዳጅ የሚሄድ ወታደርን እስከ መሳፈሪያው በር ለመሸኘት

ወንድሜ በአሜሪካ ጦር ውስጥ ስለሚያገለግል፣ ወደ ግዳጅ ሲላክ እናታችን እስከ አውሮፕላኑ መሳፈሪያ በር ልትሸኘው ፈለገች፤ ይሁን እንጂ ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ጥቃት ወዲህ ትኬት የሌለው ሰው በአብዛኛው ፍተሻውን እንዲያልፍ ስለማይፈቀድ ከመግቢያው ተመለስን።

መፍትሔው የተገኘው ከአየር መንገዱ የትኬት መስኮት ነው፤ የመሸኛ ፈቃዱን የሚሰጠው የፍተሻው መሥሪያ ቤት ሳይሆን አየር መንገዱ ነውና። የወንድሜን የግዳጅ ትእዛዝና የእናቴን መታወቂያ አሳይተን ወረቀቱ ታተመላት። በስሟ ላይ አንድ ፊደል በመጉደሉ ግን ፍተሻው ላይ አልተቀበሉትም፤ ተመልሰን አሳረምነው። የእኛ ስም በላቲን ፊደል በብዙ መልክ ስለሚጻፍ፣ ከመስኮቱ ሳይርቁ ከመታወቂያው ጋር ማመሳከር እጅግ አስፈላጊ ነው።

ፈቃዱ በአየር መንገዱ ውሳኔ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ቀደም ብሎ መድረስ ይበጃል፤ ሸኚውም እንደ መንገደኛ ይፈተሻል።