ስለ አብሰንስና ስለ አንጎል መልእክተኛ ኬሚካሎች ሲታሰብ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

«የሚጥል በሽታ» የሚለው ስም ራሱ የመጀመሪያውን ስህተት ይጋብዛል፤ አብሰንስ የሚባለው ዓይነት ማንንም አይጥልምና። ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 10 ዓመት ባለው ዕድሜ የሚጀምር ሲሆን፣ ሕመሙ የተነሳበት ልጅ ንግግሩን አቋርጦ ለ10 ሰከንድ ያህል ከፈዘዘ በኋላ ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ጀመረው ነገር ይመለሳል። በክፍል ውስጥ «ልቡ ሌላ ቦታ ነው» ተብሎ የሚገሠጽ ልጅ አንዳንዴ ታማሚ ነው።

ሁለተኛውና ሥር የሰደደው ስህተት «የሚያረጋጋ ኬሚካል ሁልጊዜ ይፈውሳል» ማለት ነው። የነርቭ ሴሎችን በዋናነት የሚያረጋጋው መልእክተኛ ጋባ ሲሆን፣ በብዙ የሚጥል በሽታ ዓይነቶች እሱን ማጠናከር ይረዳል። በአብሰንስ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በአንጎል መሃል ባለው ታላመስ የሚገኙ ሴሎች «ቲ-ዓይነት» የሚባሉ የካልሲየም መተላለፊያ በሮች አሏቸው፤ እነዚህ በሮች ሴሉ ንቁ ሳለ ከሥራ ውጭ ሆነው ይቆያሉ፤ ጋባ በተለይም ጋባ-ቢ በተሰኘው ተቀባይ በኩል ሴሉን ረዘም ላለ ጊዜ ሲጫነው ግን ለመከፈት ይሰናዳሉ። ጫናው ሲላላ በሮቹ ይከፈቱና ሴሎቹ በአንድነት የኤሌክትሪክ ምልክት ይተኩሳሉ፤ ታላመስና የአንጎል ቅርፊትም እንደ ዘፈን አውጪና ተቀባይ ይህንኑ በሰከንድ 3 ጊዜ ያህል ይመላለሱታል። የአንጎልን ኤሌክትሪክ የሚመዘግበው ኢኢጂ ላይ የሚታየው ሹልና ሞገድ የዚሁ ቅብብል አሻራ ነው።

ከዚህ የሚወለደው ሦስተኛ ስህተት አንዱን መድኃኒት ለሁሉም ዓይነት መስጠት ነው። የጋባን መጠን የሚጨምሩት ቪጋባትሪንና ቲያጋቢን አብሰንስን ሊያባብሱት ይችላሉ፤ በሌላ መንገድ የሚሠሩት ካርባማዜፒንና ፌኒቶይንም እንዲሁ። በኢትዮጵያ ጤና ተቋማት በስፋት የሚታዘዘው ፌኖባርቢታል፣ ለሚያንቀጠቅጠው ዓይነት ባለውለታ ቢሆንም፣ ለአብሰንስ አይበጅም። ለአብሰንስ የሚሰጠው ኢቶሱክሲማይድ ግን የሚሠራው በዋናነት እነዚያኑ የካልሲየም በሮች በመግታት ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታተመ፣ 453 ሕፃናት የተሳተፉበት የአሜሪካ ጥናት ኢቶሱክሲማይድና ቫልፕሮኤት ከላሞትሪጂን የተሻሉ መሆናቸውን፣ ከሁለቱም ኢቶሱክሲማይድ የልጆቹን ትኩረት ብዙም እንደማይጎዳ አሳይቷል። ይህን ያነበበ ወላጅ ግን ልጁ የሚወስደውን መድኃኒት በራሱ ውሳኔ ቢያቋርጥ የባሰ አደጋ ይጋብዛል፤ ለውጡ በሐኪም እጅ መሆን አለበት።

ሌላው ስህተት ከአይጥ ወደ ልጅ መዝለል ነው። በዘር አብሰንስ ያለባቸው አይጦች ላይ ዶፓሚን የተባለውን ሌላ የአንጎል መልእክተኛ የሚያግደው ሃሎፔሪዶል የተሰኘ መድኃኒት የኢኢጂ ሞገዶቹን ያበዛል፤ ስለዚህ ጋባ ብቻውን እንደማይሠራ ግልጽ ነው። ነገር ግን ዶፓሚንን በማነቃቃት አብሰንስ ያለበትን ልጅ ማከም የተለመደ ሕክምና አይደለም።